ፈንጣጣ ዓይኑን ወሰደ፣ ሰው እጁን ያዘ፦ የቄስ ጊዳዳ ሶለን ሕይወት

ነቀምቴ ያለችው አያቴ፣ እኛ ቤት አኮ ነው የምንላት፣ ግራ ክንዷ ላይ አንድ ጠባሳ አላት። ክብ ናት፣ ጎድጎድ ያለች፣ የድሮ አስር ሳንቲም የምታክል። ልጅ ሆኜ የእሳት ጠባሳ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት የፈንጣጣ ክትባት መሆኑን ነገረችኝ። ከታቢዎቹ መንደሩ ሲደርሱ ግማሹ ሰው ተሰለፈ፣ ግማሹ ደግሞ ልጆቹን ቡና ተክል ውስጥ ደበቀ። አኮ ከተሰለፉት ወገን ነበረች።

ፈንጣጣን እኔ አላየሁትም። ይህን በስልካችሁ የምታነቡት አብዛኞቻችሁም አላያችሁትም። ከዓለም ከጠፋ ቆይቷል። ግን አንድ በሽታ ከዓለም ጠፋ ስንል ምን ምን ይዞ እንደሄደ፣ ማንን ጥሎ እንዳለፈ ብዙ አናወራም። ዛሬ የማወራችሁ ፈንጣጣ በልጅነቱ ዓይኑን ስላጠፋው፣ ለማኝ ስለነበረ፣ በኋላ ግን አንድ አካባቢ ሙሉ አንቱ ብሎ ስለተከተለው የወለጋ ሰው ነው። ስሙ ጊዳዳ ሶለን ይባላል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ ግራ እንዳትጋቡ።)

ስሙ አዲስ ከሆነባችሁ በልጁ ላስታውሳችሁ። ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የዚህ ሰው ልጅ ናቸው። አዎ፣ የለማኙ ልጅ ቤተ መንግሥት ገባ። ግን ታሪኩን ከቤተ መንግሥቱ ከጀመርነው ተረት ይሆንብናል። ዋናው ነገር ያለው ከዚያ በፊት ነው።

ደምቢ ዶሎ፣ የመንገዱ መጨረሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ነቀምቴ ትደርሳላችሁ። ብዙ ሰው ወለጋ ሲባል የሚያስበው እዚህ ድረስ ያለውን ነው። መኪናው ግን ይቀጥላል። ጊምቢን አልፎ፣ የቡናውን አገር ሰንጥቆ፣ ከዋና ከተማው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ደምቢ ዶሎ ይገባል። የዛሬዋ የቄለም ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ማለት ነው። አገሩ የሰዮ ኦሮሞ አገር ነው፤ የቀድሞ ጸሐፊዎችም ከተማዋን ብዙ ጊዜ ሰዮ እያሉ ነው የሚጠሯት።

ጊዳዳ የተወለደው በ1901 ገደማ፣ ከደምቢ ዶሎ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያኔ አገሩ ከዛሬው የበለጠ ሩቅ ነበር። አዲስ አበባ በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ናት። በሌላ በኩል ግን ቁልቁል ሲወረድ ጋምቤላ አለች፤ የባሮ ወንዝ አለ፤ ክረምት ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡ የእንግሊዞች የእንፋሎት መርከቦች አሉ። የወለጋ ቡና በዚያ በኩል ይወጣል፣ ጨውና ጨርቅ በዚያ በኩል ይገባል። ኢኮኖሚክስ ስንማር ንግድ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያመላልሰው ይሉን ነበር። ሰው ባለበት ወሬም፣ ሃይማኖትም፣ በሽታም አብሮ ይጓዛል። ይህ ነገር በጊዳዳ ሕይወት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

አምስት ዓመቱ ላይ

ጊዳዳ አምስት ዓመት ሲሞላው ፈንጣጣ ያዘው።

ፈንጣጣ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። ቫይረስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በቅርብ በመተንፈስ፣ እንዲሁም የታማሚውን ልብስና አልጋ በመንካት ነው። መጀመሪያ ከባድ ትኩሳት ይመጣል፣ ወገብ ይቆርጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊትና እጅ እግር ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይመግላል። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች ከ10 ሦስቱን ያህል ይገድል ነበር። የተረፈው ደግሞ ፊቱ ላይ የማይጠፋ ጉድጓድ ይቀርበታል። አንዳንዱ ላይ ቁስሉ የዓይንን ብሌን ይሸፍነዋል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ብርሃን አያሳልፍም።

ክትባት አልነበረም ማለት አይደለም። የእንግሊዙ ሐኪም ኤድዋርድ ጀነር ክትባቱን ያገኘው በ1796 ነው፤ ማለትም ጊዳዳ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት። አገራችንም ቢሆን የራሷ ዘዴ ነበራት፦ ከታማሚ ቁስል ትንሽ መግል ወስዶ ጤነኛው ክንድ ላይ በስለት ጫር አድርጎ ማስገባት። አደጋ ነበረው፣ ግን ብዙ ሰው አትርፏል። መፍትሔው በዓለም ላይ ነበረ፤ ለአንድ የሰዮ ገበሬ ልጅ ግን አልደረሰም። ከአንድ መድኃኒት መገኘት እስከ አንድ ልጅ ክንድ ድረስ ያለው ርቀት ነው የሰዎችን ዕጣ የሚወስነው።

ጊዳዳ ከሞት ተረፈ፤ ዓይኖቹ ግን አልተረፉም።

ዓይነ ስውር ልጅ በገበሬ አገር

አሁን ትንሽ እንደ ኢኮኖሚክስ ተመራቂ ላውራ፣ ታገሱኝ። በገበሬ ቤት ልጅ ማለት ጉልበት ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው ጥጃ ይጠብቃል፣ ሰባት ሲሞላው ከብት ያግዳል፣ ሲጎረምስ ያርሳል። ወላጆቹ ሲያረጁ ጧሪያቸው እሱ ነው። ጡረታ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም፣ ያለው ልጅና ዘመድ ብቻ ነው። እንግዲህ ዓይነ ስውር ልጅ በዚህ ስሌት ውስጥ የት ይገባል? ከብት አያግድም፣ አያርስም። በዚያ ላይ ሕመሙ እርግማን ነው፣ ቁጣ ነው የሚል ወሬ አለ። ቤተሰቡ ቢወደውም እንኳ የሚሰጠው ሥራ የለውም።

እናም ጊዳዳ ለማኝ ሆነ። በዚያ ዘመን ለአንድ ዓይነ ስውር ክፍት ከነበሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ ይሄ ነበር። ዱላ፣ የሰው ትከሻ፣ የሰው በር።

ልመናን እንደ ድህነት ብቻ አንየው። ለማኝ የሆነ ሰው ለበሽታም በጣም የቀረበ ሰው ነው። ሰው በሚበዛበት ገበያ ይውላል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ባገኘበት ይተኛል። ሲታመም ውኃ የሚያቀብለው የለም፤ ማንም ደግሞ ወደ ሐኪም አይወስደውም። ድጋፍ የሌለው ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው፦ አንዴ በቀላሉ ይታመማል፣ አንዴ ደግሞ ሲታመም ማንም አያየውም። ሦስተኛም አለ፣ እሱ ግን የሚጎዳው ሌላውን ነው። ማንም ያላየው በሽተኛ በሽታውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ አንድን ሰው ከማኅበር ማስወጣት ለእሱ ብቻ የሚከፈል ዋጋ አይደለም፣ ሁላችንም እንከፍላለን። ክፍል ውስጥ ለዚህ ረጅም ስም ነበረው፣ በቃ እሱን ተዉት።

ሕዳር 1918

በ1918 መጨረሻ ዓለምን ያጥለቀለቀው ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያ ገባ። ሰዎች የሕዳር በሽታ አሉት። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። በዓለም ዙሪያ የሞተው ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይነገራል። እስከ ዛሬ ሕዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው፣ ሕዳር ሲታጠን የምንለው፣ ከዚያ መከራ ጋር የተያያዘ ትዝታ ነው። ስንቶቻችን ግን ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን ለምን ብለን ጠይቀናል?

በሽታው ወለጋም ደረሰ። የምዕራብ ወለጋ ገዥ ደጃዝማች ብሩ ሐኪም ፈለጉ። አዲስ አበባ ሩቅ ነው። በቁልቁለቱ በኩል፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ በሱዳን ናስር በሚባል ቦታ ግን አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፦ ቶማስ ላምቢ፣ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ባልደረባ። ጥሪው ደረሰው። በ1919 ላምቢ ከነቤተሰቡ ሽቅብ ወጥቶ ሰዮ ገባ፣ ሕክምናም ጀመረ። ከዚያ ክሊኒኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጸሎት ቤቱ ተከታተሉ።

እዚህ ጋ ነው ያ የንግድ መንገድ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው። በሽታን የሚያመላልሰው መንገድ ሐኪምም አመጣ። አንድ ወረርሽኝ ባይኖር ኖሮ ሚሲዮኑ በዚያ ዓመት ደምቢ ዶሎ አይገባም ነበር፤ ሚሲዮኑ ባይገባ ደግሞ የጊዳዳ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ወረርሽኝ መልካም ነው እያልኩ አይደለም። ወረርሽኝ አንድ አገር ማን እንዳላት፣ ማን እንደጎደላት አፍጥጦ ያሳያል ነው የምለው።

ከአንተ ወደ አንቱ

ያ ዓይነ ስውር ለማኝ በወጣትነቱ ወደ ሚሲዮኑ ግቢ መጣ። ዓይኑ አልበራለትም። ይሄን አስምሩበት፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ሁልጊዜ ተአምር እንጠብቃለን። የጠፋው ብሌን እንደጠፋ ቀረ። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሰው ነው። የሚያነብለት ሰው አገኘ። የሚጠብቀው ሰዓት፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የሚጠራው ስም አገኘ። ምጽዋት ከመቀበል አልፎ የሆነ ነገር እንዲሠራ የሚጠብቅበት ማኅበር አገኘ።

በደምቢ ዶሎ የወንጌላዊ ክርስትናን ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆነ። ቀጥሎም የሰማውን ይዞ ወደ መንደሮቹ ወጣ። ያንኑ ዱላ ይዞ፣ ያንኑ መንገድ። ልዩነቱ በር ሲያንኳኳ አሁን የሚለምነው ቁራሽ አልነበረም፤ የሚናገረው ነገር ነበረው። በኦሮምኛ፣ በሰዉ ቋንቋ፣ ሰዉ በሚያውቀው አነጋገር ሰበከ። የቀለም ትምህርት ብርቅ በነበረበት አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትልቁ መጽሐፍ ቤት የሰው ጭንቅላት ነው፤ ኦሮሞ ደግሞ ሕጉንም፣ የዘር ሐረጉንም፣ ታሪኩንም በቃሉ ይዞ የኖረ ሕዝብ ነው። በዚህ ባህል ውስጥ ማየት የማይችል ሰው ጎዶሎ ተናጋሪ አይደለም።

እስካሁን ስጽፍ አንተ እያልኩ ነው የመጣሁት። ልጅ ነበረ፣ ለማኝ ነበረ፤ ያኔም ሰዉ አንተ ነው የሚለው። ከዚህ በኋላ ግን አካባቢያቸው እንዳደረገው እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ አንድ ሰው ከአንተ ወደ አንቱ ሲሸጋገር ትልቅ ነገር ነው። የትኛውም ዲግሪ አይሰጠውም፣ ሰው ነው የሚሰጠው።

እዚህ ላይ ወለጋ ብቻውን የጊዳዳ አገር እንዳልሆነ ባጭሩ ልጥቀስ። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው፣ ኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አናሲሞስ ነሲብ ያረፈው በ1931 ነቀምቴ ነው። አብራው የሠራችው፣ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ዕድሜዋን የጨረሰችው በዚሁ በነቀምቴ አካባቢ ነው። ሦስቱም ከማኅበረሰብ ሰንጠረዥ ግርጌ የጀመሩ ናቸው። ባሪያ፣ ሴት ባሪያ፣ ዓይነ ስውር ለማኝ። ሦስቱንም የለወጠው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ የሆነ ቦታ ላይ የሆኑ ሰዎች ቦታ ሰጧቸው፣ እነሱም የተሰጣቸውን ቦታ ለሌላው አሰፉት።

ሚሽነሪዎቹ ሲሄዱ

የአንድ ድጋፍ ጥንካሬ የሚታየው ደጋፊው ሲሄድ ነው። በ1935 ጣልያን አገሪቱን ወረረ። በወረራው ዘመን አሜሪካኖቹ ሚሽነሪዎች ደምቢ ዶሎን ለቀው ወጡ። ገንዘቡም፣ ሐኪሙም፣ አስተማሪውም ሄደ። ብዙ ሰው ነገሩ አበቃ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አላበቃም። ቄስ ጊዳዳ ሶለንና ቄስ ማሞ ጮርቃ ምእመናኑን ሰብስበው ያዙ። ሁለቱ በዚያ ዘመን የተከሉት ነገር ከነፃነት በኋላም ቀጠለ፤ በ1947 የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በሚል ስም ራሱን የቻለ ማኅበር ሆነ። በ1974 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተቀላቀለ። ዛሬ በአገሪቱ ትልልቅ ከሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አንድ እግሩ ደምቢ ዶሎ ላይ የቆመ አለ ማለት ነው።

የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ሁኑ፣ ልታዩልኝ የምፈልገው የድጋፉን አሠራር ነው። እርዳታ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሰጪው ሲሄድ ይደርቃል። የተረዳው ሰው ራሱ ረጂ ከሆነ ግን ይቀጥላል። ይህንን ቀድመን በእድር አውቀነዋል፣ በደቦና በወንፈል አውቀነዋል። እድር ውስጥ ድሀውም ባለጠጋውም እኩል ያዋጣል፣ እኩል ድንኳን ይተከልለታል፤ ማንም ለማኝ አይደለም። ቄስ ጊዳዳም ከተቀባይነት ወደ አባልነት፣ ከአባልነት ወደ መሪነት ነው የሄዱት።

ልጁ

በ1943 ደምቢ ዶሎ ላይ ነጋሶ ተወለደ። አባቱ የልጁን ፊት አይተውት አያውቁም። ልጁ ግን ተማረ። ጀርመን ሄዶ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪውን ሠራ። የጥናቱ ርዕስ ምን መሰላችሁ? የሰዮ ኦሮሞ ታሪክ፣ ከ1730 ገደማ እስከ 1886። ሲያድግ የአባቱ አገር ታሪክ በቃል ነበር፤ እሱ በጽሑፍ አስቀመጠው።

ከዚያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2001 ከፓርቲያቸው ጋር ተለያዩ፤ በ2005 በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ። ከሥልጣን በኋላ ኑሯቸው ቀላል አልነበረም፤ በ2019 አረፉ። ሰው ስለ ነጋሶ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ያልተመቻቸው ወንበር ላይ አለመቀመጣቸውን ነው። የአባታቸውን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነገሩ ብዙም አልገረመኝም። አባቱ ምንም ሳይኖራቸው የኖሩለት ሰው፣ ምንም ማጣትን ያን ያህል አይፈራም።

አብረው የሄዱት ሁለቱ

የቄስ ጊዳዳ የሕይወት ታሪክ በ1972 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ አሜሪካ ታተመ። ልክ በእነዚያ ዓመታት እሳቸውን ያሳወረው በሽታ የመጨረሻ ትንፋሹን እየተነፈሰ ነበር፤ ያውም እዚሁ አገራችን ውስጥ።

ኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻዋን የጀመረችው በ1971 ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ደግነቱ በዚያ ዘመን እዚህ የነበረው ቀለል ያለው፣ ከያዛቸው ጥቂቱን ብቻ የሚገድለው ዓይነት ነበር። መንገድ የለም፣ ተራራው ከባድ ነው፣ መንደሮቹ ተበታትነዋል። ሠራተኞቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ተጓዙ። ዘዴው አገሩን በሙሉ መክተብ አልነበረም። አንድ ታማሚ ፈልጎ ማግኘት፣ እሱን ለይቶ መንከባከብ፣ ዙሪያውን ያለውን ሰው በሙሉ መክተብ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ይህ ዘዴ አንድ ትልቅ ነገር ይፈልጋል፦ ሰዎች ታማሚያቸውን እንዳይደብቁ። የመርፌው ጥራት፣ የገንዘቡ ብዛት ምንም ቢሆን፣ አንዲት እናት ፈርታ ልጇን ከደበቀች ሰንሰለቱ አይበጠስም። ቡና ተክል ውስጥ የተደበቁት የአኮ ጎረቤቶች ትዝ ይበሏችሁ። ስለዚህ ፈንጣጣን ያጠፋው ክትባቱ ብቻ አይደለም፤ በሩን የከፈተው ሰውም ጭምር ነው።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው ነሐሴ አካባቢ በ1976፣ በኦጋዴን ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ ጥቅምት 1977 ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ፤ እሱም ዳነ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ቄስ ጊዳዳ ሶለን ያረፉትም በዚያው በ1977 ነው። አምስት ዓመታቸው ላይ ዓይናቸውን የወሰደው በሽታና እሳቸው በአንድ ዓመት ከዓለም ተሰናበቱ። አንዱ ጠባሳ ብቻ ትቶ ሄደ። ሌላኛው ሰው ትቶ ሄደ።

ታዲያ እኛስ?

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ዶርም ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት የሚያስል። ቀለድንበት። አንድ ቀን ከአልጋው ሥር የመድኃኒት ከረጢት አየን፤ ቲቢ ነበረበት። እኔ ምን አደረግኩ? አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሌላው ደግሞ አብሮት መብላት አቆመ። ልጁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መድኃኒቱን እኛ በሌለንበት ሰዓት ብቻ መዋጥ ጀመረ፤ አንዳንድ ቀን እኛ ስለማንወጣ ሳይውጥ ይውላል። በኋላ ያነበብኩት ነገር አሳፈረኝ። የቲቢ መድኃኒት በትክክል ከተወሰደ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰውዬው ወደ ሌላው ማስተላለፉ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሕክምናው ግን ወደ ስድስት ወር ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። ካቋረጠው በሽታው መድኃኒት የሚቋቋም ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ራሴን ልጠብቅ ብዬ ያደረግኩት ነገር እሱንም፣ እኔንም ለባሰ አደጋ የሚያጋልጥ ነበር። ያኔ የሚያስፈልገው ነገር አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ብሎ የሚጠይቅ። ያ ሰው እኔ መሆን እችል ነበር፤ አልሆንኩም።

በኤችአይቪም ይህንኑ ነው ያየነው። በአገራችን የቫይረሱ ምልክት የታየው በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የተገኙት ደግሞ በ1986 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሰው የሞተው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በብቸኝነትም ነው፤ ከቤት ወጥቶ፣ ከሥራ ተባሮ፣ ስሙን ደብቆ። ከ2005 ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ ሲሰጥ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችም ማኅበር መሥርተው ፊታቸውን ይዘው ሲወጡ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም።

ግን እስካሁን የማይደረስባቸው አሉ። ምሽት ላይ መንገድ ዳር የሚቆሙ ሴቶች፣ እስር ቤት ያሉ፣ ሱስ የያዛቸው፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት ያላቸው፣ ከተፈጥሮ ጾታቸው ውጭ ራሳቸውን የሚያዩ። የመጨረሻዎቹን ሕጋችንም ባህላችንም አይቀበላቸውም፤ ስማቸው እንኳ ሲነሳ ፊታችን ይጠቁራል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር ግን ቀላል ነው፦ ሰው ሲሸሽ ከክሊኒክም ይሸሻል። ምርመራ ያዘገያል፣ ሐኪሙን ይዋሻል፣ መድኃኒት ያቋርጣል። አንድ የሚያምነው ወዳጅ፣ አንድ የማይፈርድበት ነርስ ያለው ሰው ግን ቀድሞ ይመረመራል፣ በሕክምናውም ይጸናል። ስለ አንድ ሰው አኗኗር የምናስበው ምንም ይሁን፣ ቫይረስ የእኛን አስተያየት አይጠይቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ትክክል ነው። ግን ማን ነው እንዲደብቅ ያደረገው? ያንን ግማሽ አንጠይቅም።

ወለጋ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይታለች። በግጭቱ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉና ሥራ ሲያቆሙ፣ በ2024 ደግሞ ወባ ምዕራቡን ክፍል ክፉኛ ሲመታው ሰምተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው፣ ዘግይቶ የሚታከመው ማን ነው? ዘመድ የሌለው፣ የተፈናቀለው፣ ከእድሩ ውጭ የሆነው። ልክ በ1906 ገደማ እንደነበረው። በሽታው ስሙን ቀይሯል፣ ወረፋው ግን ያው ነው።

የደምቢ ዶሎው ለማኝ ታሪክ ለእኔ የሚያጽናናኝ ከዚህ አንጻር ነው። ያ ልጅ ገበያ ዳር ተቀምጦ ሳለ በአጠገቡ ያለፈ ሰው ሁሉ የወደፊቱን መሪውን፣ የፕሬዚዳንቱን አባት፣ የመቶዎችን አስተማሪ እያለፈ መሆኑን አላወቀም። የሚያውቅበት መንገድም አልነበረም። እኛም አሁን አልጋችንን ያዞርንበት ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ደግሞስ ማንም ባይሆን? ማንም ሳይሆን ቢቀርም ሰው ነው፤ ያም ይበቃል።

ባለፈው ነቀምቴ ስሄድ አኮን እንደገና ጠየቅኳት። ቡና ተክል ውስጥ ልጆቻቸውን የደበቁት እናቶች በኋላ ምን ሆኑ አልኳት። ከታቢዎቹ በማግስቱ ተመልሰው መጡ አለችኝ፤ ከእነሱ ጋር ግን የመንደሩ ሴቶች አብረው ሄዱ፣ አንዷ የአንዷን በር እያንኳኳች። ሁሉም ወጡ።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ደውሉ። ያ ከቡድኑ የወጣው፣ ከግሩፑ የተሰረዘው፣ ሲያስል የቀለዳችሁበት። እኔ ያንን የዶርም ልጅ ፈልጌ አገኘሁት፤ ድኗል፣ ሥራ ይዟል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀብኝና መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ የሚል ጥያቄዬ ሰባት ዓመት እንደዘገየ ነገረኝ።